ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፦

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ ሲሞቅ ይንኳኳል የሚሉት ማሞቂያዎ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ድሮ በደብዳቤ እንደሚባለው ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጉንፋንም ይዞኛል። እናቴ ካረፈች፣ እኔም መርዶዋን ጽፌልዎ እንደገና መጻጻፍ ከጀመርን፣ እነሆ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ እኔ የምኖረው ግን በአንዱ ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አይሳቁብኝና ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። አምስት ዓመት ፈጀብኝ። ቀን ቀን መዝገብ ቤት ተቀምጬ በሰው የቤት ካርታ ቅጂ ላይ ማኅተም እመታለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ቤቴ ገብቼ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ይህን አያውቁም። አንዷ ብቻ፣ “ጣትሽ ላይ ያለው ቀለም የማኅተሙ አይመስለኝም” ብላኝ ነበር። ሳቅ ብዬ አለፍኳት።

ጽሑፉን ለአንድ አሳታሚ ድርጅት ሰጥቼ ሰባት ወር ስጠብቅ ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። አርታኢዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። “እንቀበለዋለን። ምዕራፍ አሥራ አንድ ግን ይውጣ” አለችኝ። ከወጣ በሚቀጥለው ዓመት ያሳትሙልኛል፤ ማከፋፈሉም የነሱ ነው። ካልወጣ ወረቀቴን ይዤ መሄድ ነው። መልሴን እስከ መጋቢት ሠላሳ ይጠብቃሉ።

ሌላው መንገድ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለው ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪና የደረሰኝ ጥራዝ ነው የሚሠሩት። ባለቤቱ፣ “መጽሐፍም እናትማለን፤ አንቺ አምጪው እንጂ አንዲት ፊደል አንነካብሽም” ብሎኛል። አንዲት ፊደል አለመንካታቸው ነው የሚያስፈራው እንደሚሉ አውቃለሁ።

እርስዎ ዕድሜዎን ፊደል ሲለቅሙና ገጽ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ነዎት። ከዘመድም የቀሩኝ እርስዎ ነዎት። ጽሑፉን በፖስታ ልኬዋለሁ። ያንብቡትና ይምከሩኝ፤ በተለይ ምዕራፍ አሥራ አንድን። ስለሱ አሁን ምንም አልልም፤ ሲደርሱበት ያዩታል።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 21 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጢጢ፦

ጤናሽን ያብዛልኝ፤ ጉንፋንሽንም ይንቀልልሽ። ባለፈው ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ ብትዪኝም ከእኔ ዘንድ ዕድሜሽ ትቼሽ ወደ ውጭ አገር በሄድኩበት ቀን ላይ ነው የቆመው፤ ስለዚህ ሚጢጢ ስልሽ አትቆጪ።

ጽሑፉ ገና አልደረሰኝም። ምክር ግን ጽሑፍ እስኪደርስ አይጠብቅም።

አገር ቤት ሳለሁ እኛ ማተሚያ ቤት በገዛ ገንዘባቸው መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ይመጡ ነበር። አንዱ የሒሳብ መምህር ነው። ጽሑፉን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር የገባው። ገጽ አርባ ላይ የቀበረው ሰውዬ ገጽ ዘጠና ላይ አውቶቡስ ይሳፈራል። እኛ ፊደል ለቃሚዎቹ አይተናል፤ ማን ይንገረው? አንዱ ደፍሮ “ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ሞቶ አልነበረም ወይ?” ቢለው፣ “አንተ ፊደልህን ልቀም” አለው። እንደተጻፈው ታተመለት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጻሕፍት መሸጫው ደጃፍ አየው ነበር። ገብቶ የራሱን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያወጣና አቧራውን በመሐረቡ ጠርጎ ይመልሳል። የሚገዛ አልነበረም፤ የሚነግረውም አልነበረም። ሰውዬው ብቻውን ነበር ሚጢጢ፣ መጽሐፉ ላይ ብቻውን ነበር።

የአሳታሚ ጥቅም መኪናውና መጋዘኑ አይምሰልሽ። አንቺን የማያውቅ፣ የማይወድሽ፣ የማይፈራሽ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ይህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ምዕራፉን አውጪና ስጪያቸው። ከዚያ ሁሉ ምዕራፍ አንዱ ቢጎድል ማንም አያውቅም።

ባለፈው ጊዜ ለምን አይደውሉም ብለሽኝ ነበር። ስልክ ላይ ዝም ስል ተቋረጠ ይባላል። በደብዳቤ ግን እንደ ልብ ዝም ማለት ይቻላል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለጋሼ፦

ወገብዎን ይጠብቅልኝ፤ እጅዎንም። ደብዳቤዎ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ደረሰኝ። ሁልጊዜ እንደሚሆነው ወረቀቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እናቴ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ “ወንድሜ ንጹሕ ሰው ነው” ትል ነበር።

የመምህሩን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መሐረቡ ላይ ስደርስ ሳቄ ቀረ። በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ ያን ትንሽ ማተሚያ ቤት ሄጄ አየሁት። ወረቀት መቁረጫው ሲወርድ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ አንድ ጡረተኛ ያሳተሙትን መጽሐፍ አሳየኝ፤ በገመድ እንደታሰረ ከደረጃው ሥር ተደርድሯል። “ይመጣሉ፣ ይወስዱታል” አለኝ። በላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ነበር።

ወደ አርታኢዋም ተመለስኩ። ምዕራፍ አሥራ አንድ ምን አጠፋ አልኳት። “አላመንኩትም። ሌላውን ሁሉ አምኜሻለሁ፤ ይህን ግን አላመንኩም። ያቺ ሴትዮ እንዲህ በቀላሉ የምትታለል አይደለችም” አለችኝ። የተደረገ ነገር ነው ልላት ብዬ ተውኩት። የተደረገ ነገር ሁሉ ይታመናል ያለው ማነው?

እርስዎ ሲያነቡት ይፈርዳሉ። ምዕራፉ ይውጣ የሚሉኝ ካነበቡት በኋላ ከሆነ እሰማለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 16 ቀን

ለሚጢጢ፦

ሰላምሽ ይብዛ። ጽሑፍሽ ደርሶኛል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም ገጽ ጨርሻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስህተት አግኝቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጽሑፍ ብዙ አይባልም። ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ። ለናሙና ያህል፦

ገጽ 8፣ መስመር 12፦ “እና” ሁለት ጊዜ ተጽፏል።
ገጽ 61፣ መስመር 9፦ አራት ነጥብ ጎድሏል።
ገጽ 133፣ መስመር 2፦ የተከፈተ ጥቅስ አልተዘጋም።
ምዕራፍ አሥራ አንድ በሙሉ፦ አሥራ ዘጠኝ ስህተት። ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ቸኩለሽ የጻፍሽው ይመስላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ነጠላ ሰረዝ ታበዢያለሽ። በተረፈ ንጹሕ ሥራ ነው። ለአሳታሚዎቹ ስጪ ያልኩሽን አልለወጥኩም።

አጎትሽ


የካቲት 8 ቀን

ለአጎቴ፦

እንደምን ነዎት። ዝርዝሩ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን አስተካክያለሁ። የገጽ 61ዱን አራት ነጥብ ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት አይጠይቁኝ። ከኋላው የተጻፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አይቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ስህተት ብቻ! ቸኩዬ አልነበረም የጻፍኩት። በየመስመሩ ብዕሬን እያስቀመጥኩና እያነሳሁ ነው።

ካነበቡት በኋላ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። “አንቺ ምን ቤት ነሽና በኔ አፍ ትናገሪያለሽ” ይሉኛል ብዬ ሦስት ወር ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ይቅር ብለውኝም እንደሆነ በአንድ ቃል ይንገሩኝ። ስለ ነጠላ ሰረዝ ብቻ የሚጽፉልኝ ከሆነ ግን ምን ልበል? ይህን ጽሑፍ ከአርታኢዋ ሌላ በዓለም ላይ ያነበበው ሰው እርስዎ ነዎት።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 24 ቀን

ለሚጢጢ፦

ደህና ሁኚልኝ እንጂ ስለ እኔ አትጨነቂ። አንድ ነገር ልንገርሽና ከፈለግሽ ሳቂብኝ።

አላነበብኩትም።

እኛ አራሚዎች ከኋላ ወደ ፊት ነው የምንሄደው። ከመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ ቃል ትጀምሪና አንድ በአንድ ወደ መጀመሪያው ትመጫለሽ። ከፊት ከጀመርሽ ታሪኩ ይዞሽ ይሄዳል፤ የጎደለውን ዓይንሽ እየሞላ ያልፋል። ከኋላ ስትመጪ ግን ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ጉድለቱን መደበቂያ የለውም። ይህን ሙያ ያስተማረኝ ሽማግሌ፣ “ታሪኩን ካወቅኸው አላረምከውም” ይለኝ ነበር። ስንቱን መጽሐፍ በዚህ ዓይነት አሳልፌአለሁ፤ የአንዱንም ታሪክ አላውቅም። ሰው “ያን መጽሐፍ አንብበኸዋል?” ሲለኝ መልሴ “አርሜዋለሁ” ነበር።

ያንቺንም ከገጽ 312 ጀመርኩት። ልማድ ነው አልኩ ለራሴ። ልማድ ብቻ ቢሆን ባልነገርኩሽ። ፖስታውን እንደከፈትኩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ወንድሟ” የሚል ቃል አየሁና የወረቀቱን ክምር ገለበጥኩት። ፈርቼ ነው ሚጢጢ። የእህቴ ቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ስለ እህቴ የተጻፈ ነገር ፊት ለፊት ለማንበብ ምን ዓይን አለው?

በኔ አፍ መናገር ያልሽው ምንድነው? ይቅርታ የሚያስፈልገውስ? ንገሪኝና ከዚያ አነበዋለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 6 ቀን

ለጋሼ፦

ባሉበት ይጠብቅልኝ። አልሳቅሁም። ተናድጄም ነበር፤ ግን ሳስበው እኔም ይህን ነገር ከመጨረሻው ነው ስናገር የኖርኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የእናቴ ዓይን ደክሞ እንደነበር ያውቃሉ። ደብዳቤዎ ሲመጣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ነኝ የማነብላት። ሻርፗን አስተካክላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የምትሰማው። ከዚያ ደብዳቤዎ ቀረ። አምስት ቅዳሜ “ዛሬም የለም” አልኳት። ሻርፗን ማስተካከሏን ግን አልተወችም። በስድስተኛው ቅዳሜ ባዶ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩና አነበብኩላት።

በሚቀጥለው ወር የተናገርኩትን እንዳልረሳው ብዬ ጻፍኩት። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት፣ በወር በወር፣ እርስዎን ሆኜ ጻፍኩ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ሰጠሁዎት። የሚያከብርዎ አለቃ ሰጠሁዎት። የእናቴን ጉልበት እንዲጠይቁላት፣ በዝናብ እንዳትወጣ እንዲቆጧት አደረግሁ። እሷም አስተያየት ትሰጥ ነበር፤ “ዛሬስ አጠር አደረገው”፣ “ስለዚያ አለቃው በሚቀጥለው ጨመር ያድርግ” ትለኛለች። በመጨረሻው ላይ እመጣለሁ ብለው ጻፉ፤ ጻፍኩ ማለቴ ነው። “መቼ ነው የሚመጣው?” አለችኝ። “አልጻፈም” አልኳት። “እንግዲያው በሚቀጥለው ይጽፋል” ብላ ፈገግ አለች። የሚቀጥለውን ሳልጽፍ አረፈች።

ምዕራፍ አሥራ አንድ ይኸው ነው። ልብ ወለድ መጻፍ የተማርኩት ዓይኗ የደከመ እናቴን በማታለል ነው። ምዕራፉ ከወጣ መጽሐፌ በአሳታሚ ይወጣል፤ እኔም ይህን ሳልናዘዝ እኖራለሁ። ካልወጣ ከደረጃ ሥር ተደርድሮ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፤ ግን እውነቱ ውስጡ ይኖራል። የተጠቀምኩት በእርስዎ ስም ነውና ያለ እርስዎ ቃል አልወስንም።

እስከ መጋቢት ሠላሳ የደብዳቤ መልስ አይደርስም። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ይደውሉልኝ። የመሥሪያ ቤቴ ቁጥር ከታች አለ። “ይውጣ” ወይም “ይቆይ” ይበሉኝ፤ ሌላ ነገር መናገር አያስፈልግም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 4 ቀን

ለአጎቴ፦

ጤና ይስጥልኝ።

መጋቢት ሠላሳ ቀኑን ሙሉ ከስልኩ አልራቅሁም። ምሳም አልወጣሁ። አምስት ሰዓት ላይ አንዴ ጠራ፤ “አቤት” አልኩ፤ የሚናገር የለም። ተቋረጠ ብዬ አስቀመጥኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርታኢዋ ዘንድ ሄጄ፣ “ምዕራፉን ማውጣት አልችልም” አልኳት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችኝ። “እንዳዘንኩ እወቂ” ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ ነው ይዤው የወጣሁት።

ጋሼ፣ ድሮ እርስዎ ሳይጽፉ ሲቀሩ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ቁጭ ብዬ መልስዎን ራሴ እጽፈው ነበር። ትናንትም ወረቀት አውጥቼ “ለሚጢጢ” ብዬ ጀምሬ ነበር። ግን ለማን ላነበው ነው?

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 2 ቀን

ለሚጢጢ፦

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው፤ የኔን እንዳሻው ያድርገው።

በዚያ ቀን አምስት ሰዓት ላይ የደወልኩት እኔ ነኝ። “ይውጣ” ልልሽ ነበር። “አቤት” ስትዪ የእህቴ ድምፅ ሆነብኝ። ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍሽን ከፊት ጀምሬ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከፊት ማንበብ አልለመድኩምና ይደክማል። ለምን እስከ ዛሬ እንደዘገየሁ ትጠይቂ ይሆናል። የምልክልሽን ወረቀት ለመላክ ስላመነታሁ ነው የዘገየሁት፤ ሁለት ጊዜ ፖስታ ውስጥ አስገብቼ አውጥቼዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ብዙ ነው ያሳደርኩት።

መጀመሪያ ስለ እኔ። እዚህ አገርም ማተሚያ ቤት ተቀጠርኩ ብዬ ለእህቴ የጻፍኩት ውሸት ነበር። የምሠራው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት። አንሶላ አጣጥፋለሁ። ወረቀቴ ሳሙና የሚሸተው ለዚህ ነው። ቋንቋዬን የሚያነብ ሰው አጠገቤ የለም፤ አንዳንዴ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከኋላ ወደ ፊት አርማለሁ፣ እጄ እንዳይረሳ። አንድ ውሸት ሌላ ውሸት ይጠይቃል። እኔ እንዳንቺ የመፍጠር ስጦታ የለኝምና አለቀብኝ። ያኔ ዝም አልኩ። አንቺ የሰጠሽኝን መስኮት ሳነብ ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁት። መስኮት የለውም። ቢኖረው ግን ልክ አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ነበር የሚሆነው።

አሁን ይህን አንብቢ። ዝም ባልኩ በዓመቱ የደረሰኝ ነው። ጽሕፈቱ የጎረቤታችሁ የልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ የእህቴ። እዚህ እገለብጥልሻለሁ፤ ዋናው ወረቀት አብሮ አለ፦

“ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ? ይህን የማስጽፈው ልጄ ሥራ ስትሄድ ነው። አንተ መጻፍ ከተውክ ዓመት ሆነ፤ ደብዳቤህ ግን በየወሩ ይደርሰኛል። ልጄ ናት የምትጽፈው። በመጀመሪያው ቀን ነው የነቃሁባት። ‘ጉልበትሽ እንዴት ነው?’ አለኝ ደብዳቤው። አንተ ከተወለድክ ጉልበቴን ጠይቀህ ታውቃለህ? ዝም አልኳት። ስታነብልኝ ድምጿ ይለወጣል፤ ቀና ብላ ነው የምትቀመጠው። ይህች ልጅ የትም አትወጣም፣ ማንም አይመጣላትም፤ ያቺ ቅዳሜ ብቻ ናት ያለቻት። አንተ ዛሬ ብትጽፍ እሷ ታቆማለች። ስለዚህ ለእኔ አትጻፍ። በሕይወት መኖርህን ግን በአንዲት መስመር ለልብስ ሰፊው ላክለት፤ እሱ ይነግረኛል። እህትህ።”

ከሥሩ ልብስ ሰፊው በራሱ ስም፣ “ጸሐፊው እኔ ነኝ። ያሳጠሩት ሱሪዎ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው” ብሎ ጨምሯል።

ያቺን አንዲት መስመር አልላክሁም። መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ እኔን ከእኔ አሳምራ የምትጽፍ ተገኘች አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተገላገልኩ። አትጻፍ ተብዬ የለ? ዛሬ ነገ ስል ሦስት ዓመት አለፈ። እህቴ በሕይወት መኖሬን ሳታውቅ ሞተች።

እንግዲህ አርታኢሽ እውነቷን ነው፤ እህቴ አልተታለለችም። ምዕራፉ ይውጣ ያለችው ግን ትክክል አይደለም። ያላለቀ ምዕራፍ ነው። እኔም አውጪ ያልኩሽ ሳላነበው ነው፤ ያን ምክሬን መልሽልኝ።

አጎትሽ


ሐምሌ 11 ቀን

ለጋሼ፦

ደብዳቤዎን መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከፈትኩት። ያቺ የጣቴን ቀለም ያየችው ባልደረባዬ አጠገቤ ነበረች። “ሰው ሞተብሽ እንዴ?” አለችኝ። “አይደለም” አልኳት፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩና አላቆምኩም። ማኅተሜን ከእጄ ወስዳ የቀረውን እሷ መታችልኝ። ስለ መጽሐፉ ያን ዕለት ነው የነገርኳት።

ከሥራ ስወጣ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳያነሳ፣ “አደራ ነበር፤ በሆዴ ይዤው ኖርኩ” አለኝ። ሱሪዎን አሳየኝ፤ በወረቀት ጠቅልሎ ከመደርደሪያው በላይ አስቀምጦታል። እናቴ በየወሩ መጀመሪያ እየመጣች፣ “ከዚያ ሰው ምን ሰማህ?” ትለው እንደነበር ነገረኝ።

አልተቀየምኩም ብዬ አልዋሽዎትም። አንዲት መስመር ነበር የጠየቀችዎ። “ደህና ነኝ” ቢሉ ይበቃት ነበር። ይህን ነገር ገና እየታገልኩት ነው። ደግሞ በየወሩ ቅዳሜ እየተዋሸን፣ እኔ አታውቅም እያልኩ፣ እሷ እያወቀች መቀመጣችንን ሳስበው የእሷን ክፍል እፈራዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በሩን ከፈትኩት። አሁን የምጽፈው እዚያ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ነው። “አጠር አደረገው”፣ “ስለ አለቃው ጨመር ያድርግ” ያለችኝን አስታወስኩ። ለካ አርታኢ ነበረችኝ።

ምዕራፍ አሥራ አንድን እንደገና ጽፌ ለአርታኢዋ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው። “አሁን አመንኩሽ” አለችኝ። ግን የዓመቱ የኅትመት ዝርዝር ተዘግቷል። በሚመጣው ዓመት ከሌሎች ጋር ደግሞ ይታያል፤ ኃላፊዎቹም ገና ይፈርዱበታል። “እኔ እይዝልሻለሁ፤ ቃል ልሰጥሽ ግን አልችልም” አለች። መልካም ሴት ናት።

መጠበቅ እችል ነበር። ያሳደገችኝ ሴት ከመጠበቅ ሌላ ምን አስተማረችኝ? ግን ምን እንደጠበቀች፣ ምን እንዳገኘችም አይቻለሁ። እርስዎ የአሳታሚ ጥቅም የማይወድሽ፣ የማይፈራሽ አንድ ሰው ማንበቡ ነው ብለውኝ ነበር። እሱን አግኝቻለሁ፤ አርታኢዋ አነበበችው፣ አላመንኩም አለችኝ፣ ልክም ነበረች። የቀረው ማተም ነው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ላለው ሰውዬ ሰጥቼዋለሁ። ሦስት መቶ ቅጂ። አንዲት ፊደል አይነኩብኝም። እንደ መምህሩ መሐረብ ይዤ መሸጫ ደጃፍ እቆም ይሆናል። ያም ቢመጣ ይምጣ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የሙከራ ገጾቹን ልኬልዎታለሁ። ይረሙልኝ፤ ግን ከፊት ጀምረው። ስህተት ቢያመልጥዎ አልቀየምም።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 19 ቀን

ለእህቴ ልጅ፦

አዲሱ ዓመት የእጅሽ ሥራ ይሁንልሽ። ገጾቹ ደርሰውኛል። እንዳዘዝሽኝ ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩ። ታሪኩ ይዞኝ እየሄደ ብዙ ያመለጠኝ ሳይኖር አይቀርም፤ የድሮ መምህሬ ቢያየኝ ያባርረኝ ነበር። አንሶላ ማጣጠፊያው ላይ ዘርግቼ፣ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አብራኝ የምትሠራው ሴት ቋንቋውን ባታውቅም ቆማ ሰማችኝና፣ “ጸሎት ነው?” አለችኝ። የእህቴ ልጅ ናት የጻፈችው አልኳት።

ለልብስ ሰፊው በዚሁ ፖስታ አንዲት መስመር ጽፌለታለሁ። አሁን ለማን እንደሚነግርልኝ አላውቅም። ቢሆንም ስጪልኝ።

እርማቱ ይኸው፦

ገጽ 8፣ መስመር 12፦ “እና” አሁንም ሁለት ጊዜ ነው። አስተካክያለሁ ብለሽኝ አልነበር?
ገጽ 61፣ መስመር 9፦ አራት ነጥቡ ይቅር፤ የወንድሟ ደብዳቤ የሚቋረጥበት ቦታ ነው። አሁን ገባኝ።
ገጽ 140፣ መስመር 7፦ “ጉልበትሽ” የሚለው ቃል ላይ ቀለሙ ደብዝዟል። እንዲያደምቁት ንገሪያቸው።
ገጽ 187፣ መስመር 4፦ “ወንድሟ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈላትም” ይላል። ከፊትም ከኋላም አየሁት። ስህተት የለበትም።

አጎትሽ